ያልተጠየቀው እግር

ማክሰኞ፣ ኅዳር 6 ቀን 2015

የተለመደ ቀን። ስድስት ቁስል አጠብኩ። የዕቃ መቀቀያው ማሽን ደግሞ እምቢ አለ... እሱን ሳባብል ግማሽ ቀኔ ሄደ።

ከካንጋተን ታካሚ መጣ። ሎኩዋም ይባላል። ከቀኝ ጉልበቱ ዝቅ ብሎ፣ በውጭ በኩል፣ ብርቱካን የሚያህል የአጥንት እብጠት አለው። የአምቡላንስ ሾፌራችን ኤሊ ነው ያመጣው። "ይውጣልህ ስለው እሺ ብሏል" አለን፤ አስፈርሞት ወደ ኦሞራቴ በረረ። የሎኩዋምን ቋንቋ፣ ኛንጋቶምኛን፣ ከመካከላችን የሚችል እሱ ብቻ ነው።

ከኦፕራሲዮን በፊት የሚሞላውን የምርመራ ቅጽ ሞላሁ። የእግር ጣት ወደ ላይ ማንሳት፦ ይችላል። ወደ ታች፦ ይችላል። እውነት ለመናገር አላየሁም። በምን ቋንቋ ልጠይቀው? ደግሞ በእግሩ ሄዶ ነው የገባው... ኦፕራሲዮን የሚሠራው ዶክተር አብኔር ሌላ ታካሚ ላይ ነበር። አንብቦ ፈረመ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 7

ኦፕራሲዮኑ ሁለት ሰዓት ተኩል ፈጀ። ዶክተር አጥንቱን ከመንካቱ በፊት በዚያ የምታልፈውን ነርቭ ፍለጋ ገባ። ቀስ... ቀስ። ወገቤ ተቆረጠ፣ እሱ ገና ይፈልጋል። በመጨረሻ እብጠቱ ላይ ተለጥፋ አገኛት። ነጭ፣ ጠፍጣፋ፣ የጫማ ክር የምታህል።

"አየሻት ሲስተር ሩሃማ? እቺ ከተጎዳች እግሩን ቀና ማድረግ አይችልም።"

ከሥሯ ለስላሳ የጎማ ጥብጣብ አሳልፎ ጫፉን ሰጠኝ። "እንዳትስቢ። ያዢ ብቻ።" ያዝኩ። እብጠቱ ወጣ፣ ነርቯም ሳትቆረጥ ቀረች። ዶክተር ደስ ብሎት ነበር።

ሐሙስ፣ ኅዳር 8

ማደንዘዣው ለቋል። እግሩ ግን ከቁርጭምጭሚቱ ተንጠልጥሎ ቀረ።

ዶክተር ጫማውን አውልቆ የራሱን ጣት አንስቶ አሳየው። ሎኩዋም ወዲያው ገባው። ሞከረ። ግንባሩን አላበው፣ ጣቱ አልተነሳም።

"ቅጹን አምጪልኝ።" አነበበው። "ከእኛ በፊት ደህና ነበር ማለት ነው" አለ።

በምልክት መጠየቅ ይቻል ነበር። አንድ ደቂቃ እንኳ አልፈጀበትም! ሳላይ መሙላቴን አልነገርኩትም። ጎማውን ስቤው ይሆን? ወይስ ድሮም አያነሳም ነበር...?

ቅዳሜ፣ ኅዳር 10

ዶክተር ምሳ አልበላም። ሰኞ የኦፕራሲዮን ተራ የነበራቸውን፣ ከገዘር የመጡትን ወይዘሮ አየለችን ወደ አርባ ምንጭ ሪፈር ጻፈላቸው። እሳቸውም ከጉልበታቸው ኋላ እብጠት አለባቸው።

"እዚህ ይሠራል ተብዬ አይደል የመጣሁት?"

"እናቴ፣ እጄ አያስተማምንም። ከዚህ በኋላ ጉልበት አልነካም።"

ሰው ፊት እንዲህ አለ። እኔ አጠገቡ ፋሻ እጠቀልላለሁ። ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

እሑድ፣ ኅዳር 11

ቸርች ሄድኩ። ጸሎት ጀመርኩ፣ አልጨረስኩትም።

ሰኞ፣ ኅዳር 12

ኤሊ መጣ። መኪናው መንገድ ላይ ተበላሽቶበት ነው የከረመው። ሻይ እንኳ ሳይጠጣ እጁን ይዤ ወደ ሎኩዋም አልጋ ወሰድኩት። "እግርህ ከመቼ ጀምሮ ነው እንዲህ የሆነው በለው።"

ሎኩዋም ብዙ አወራ።

"ቆይቷል ይላል። አምና ወንዙ ሞልቶ ሲመለስ፣ ማሽላ ስንዘራ ጀመረኝ ይላል። ስሄድ ጣቴ መሬት ይጎትታል ይላል። እብጠቱ አላመመኝም፣ እኔ የመጣሁት ለእግሬ ነው ይላል።"

"ታዲያ ለምን አልተናገረም?"

የዚህ መልስ አጭር ነበር።

"ማን ጠየቀኝ ይላል።"

ከአልጋው ሥር የጎማ ጫማውን አውጥቶ አሳየኝ። የቀኙ አፍንጫ ተበልቶ አልቋል፣ የግራው ደህና ነው። ስድስት ቀን በአጠገቡ ተመላልሻለሁ። አፈርኩ። በጣም አፈርኩ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 13

ነገርኩት። "ዶክተር፣ እግሩን ሳላይ ነው ቅጹን የሞላሁት። ቀድሞም አያነሳም ነበር። እርስዎ አልጎዱትም።"

ደስ የሚለው መስሎኝ ነበር። ሞኝ!

"አምስት ቀን ሙሉ እጄን ስጠረጥር ነበር" አለኝ። ቀጥሎ "እኔም እግሩን ሳላይ ፈርሜያለሁ" አለ። እኔን ለማጽናናት ግን አልነበረም።

ለሎኩዋም በኤሊ በኩል ራሱ አስረዳው። ነርቯን የተጫናት እብጠቱ ነው፤ አሁን ተነስቶላታል፤ ለመመለስ ወራት ይፈጅባታል፤ ላትመለስም ትችላለች። ሎኩዋም እስከ መጨረሻው ሰማው። እኔን አላየኝም።

የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ተሰጠኝ። ይገባኛል።

ዓርብ፣ ታኅሣሥ 7

ወይዘሮ አየለች ዛሬ ኦፕራሲዮን ሆኑ። ዶክተር ራሱ ደውሎ ነው ያስመጣቸው። ጎማውን የያዘችው አዲሷ ነርስ ሔርሜላ ናት። እኔ ከደብዳቤው ወዲህ አስተኝቶ ማከሚያ ክፍል ነኝ።

አልጋቸው አጠገብ ተቀምጬ ማደንዘዣው እስኪለቅ ጠበቅኩ። በቋንቋቸው በአሪኛ ስለ እንሰታቸው አወራን። ከዚያ "ጣትዎን ወደ ላይ" አልኳቸው። አነሱ። "ወደ ታች።" አወረዱ። አስደገምኳቸው። ደግሜ አስደገምኳቸው።

"ምነው ልጄ፣ ዓይንሽ አያይም?" ብለው ሳቁብኝ። እኔ ዕንባዬ መጣ።

ወደ ዶክተር ቢሮ እየሮጥኩ ሄድኩ። "ወይዘሮ አየለች እግራቸውን ያነሳሉ!"

"አይተሻል?"

"አይቻለሁ ዶክተር። ሦስት ጊዜ።"

እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ተነስቶ ራሱ ሊያይ ሄደ።