የግማሽ ቀን ሹፌር

ውድ እታለም፣ ናፍቆቴ ከወረቀቱ ቀድሞ ይድረስሽ። እኔም እማዬም ደህና ነን።

የጭነት መኪና መንጃ ፈቃዴን ካወጣሁ ሁለት ወር ሆነኝ፤ ሥራ ግን የለም። የሄድኩበት ሁሉ «ልምድ አለህ?» ነው። ካልቀጠሩኝ ልምዱን ከየት ላምጣው? ትናንት አንድ የብሎኬት ፋብሪካ አለቃ «እስቲ ተሳቢውን በዚያ በር ወደኋላ አስገባው» አለኝ። በሩ ጠባብ ነው፤ ምንም ሳልነካ በአንድ ጊዜ አስገባሁት። «ጎበዝ! ነገ ጀምር» አለኝ። የምሠራው እስከ ቀን ስድስት ሰዓት ብቻ ነው ስለው «ከዚያስ? መኪናዬን መንገድ ላይ ገትረህ ልትሄድ ነው?» ብሎ ሳቀብኝ። ደሜ ፈላ! ጎረቤታችን እማዬ ጋ የምትቀመጠው እስከ ስድስት ነው ብዬ ምኑን ላስረዳው? እማዬ ለኩሳው ስለምትረሳ የጋዝ ምድጃውንም እኔ ክፍል ቆልፌበታለሁ።

በይ እታለም፣ ሰላምሽ ይብዛልኝ። ለእማዬ ስትደውዪላት ግን መጀመሪያ ስምሽን ንገሪያት።

ታናሽሽ