አሥራ ስድስት ሜትር ከሃምሳ ስለሚረዝመው የልጄ መኝታ

ለተከበሩ የግቢዎች አጠቃቀም ፈቃድ ክፍል ኃላፊ
ፍራንክፈርት አም ማይን

ክቡር ሆይ፣

ይህ ጽሑፍ ሲደርስዎ በሙሉ ጤንነት፣ በተለይም ማንም መስኮቱን በማያንኳኳበት መኝታ ቤት እንቅልፍ ጠግበው እንደተነሡ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ ሠላሳ አንድ ዓመት ሒሳብ አስተምሬ ጡረታ የወጣሁ፣ ኒድ በተባለው የከተማዎ ሰፈር የምኖር ሴት ነኝ። ልጄ ዶርቃ ከሮተርዳም እስከ ቬሮና የምትመላለስ የከባድ መኪና ሹፌር ናት። ሕጉ ዘጠኝ ሰዓት ከነዳች በኋላ ለአሥራ አንድ ሰዓት ያህል ሳታቋርጥ እንድታርፍ ያዝዛታል፤ የት እንደምታርፍ ግን አይነግራትም። ይህን ክፍተት ለመሙላት ስላደረጉልን ሁሉ በአደባባይ ላመሰግንዎ እወዳለሁ።

1. በጥር ወር አንድ ሌሊት በአውቶባኑ፣ በፈጣኑ አውራ ጎዳና ላይ፣ አራት የመኪና ማረፊያዎችን ሞልተው አገኘቻቸውና፣ የመንጃ ጊዜዋ ሊያልቅ አሥራ ሁለት ደቂቃ ሲቀረው ከአንድ የመጋዘኖች መንገድ ዳር ቆመች። ከተኛች ከአራት ሰዓት በኋላ ተቆጣጣሪዎ መስኮቷን አንኳኩቶ፣ በታላቅ ትሕትና፣ እዚህ ማደር ክልክል መሆኑን ነገራት። አሁን ከተነሣች ዕረፍቷ ተቋርጦ ነገ ፖሊስ እንደሚቀጣት ብታስረዳው፣ ያ የፖሊስ ጉዳይ መሆኑን አብራራላት። በአንድ ሌሊት ሁለት ሕግ ማክበር የማትችል ልጅ ማሳደጌን ስላሳወቁኝ አመሰግናለሁ።

2. ከዚያ ተነሥታ መብራት በሌለበት የማረፊያ መውጫ ጥግ ቆመች። ሊነጋ ሲል አንድ ሰው የጋቢናዋን በር በብረት ሲፈለቅቅ ነቃች፤ ጥሩምባ ስትነፋ ሸሸ። ከዚያ ቀን ወዲህ ሁለቱን በሮች ከውስጥ በዕቃ ማሰሪያ ቀበቶ አንዱን ከሌላው ጋር አስራ ነው የምትተኛው። እሳት ቢነሣ በስንት ሰከንድ ትፈቺዋለሽ ብዬ ብጠይቃት፣ «እማዬ፣ ይህን ሒሳብ እንኳ አታስዪው» አለችኝ።

እኔ ግን አሰላሁት።

3. ቤተ ክርስቲያናችን የምትከራየው አዳራሽ ቀድሞ የጭነት ድርጅት መጋዘን ነበር። ግቢው ለከባድ መኪና የተሠራ፣ በር ያለው፣ የሚቆለፍ ነው። በሜትር ለካሁት፤ ርዝመቱ ሠላሳ አንድ ሜትር ነው፣ የልጄ መኪና ደግሞ አሥራ ስድስት ሜትር ከሃምሳ። ሽማግሌያችን ጋሽ ኢማኑኤል ቁልፉን አውጥተው «ዝም ብላ ትግባ፣ ማን ይጠይቃታል?» አሉኝ። ዕድሜ ልኬን ስሌቱን ሳያሳይ መልስ ብቻ ከሚጽፍ ተማሪ ማርክ ስቀንስ የኖርኩ ነኝና እምቢ ብዬ አንትራግ፣ ማለትም የፈቃድ ማመልከቻ፣ አስገባሁ። ዓላማውን በሚጠይቀው መስመር ላይ «ሹፌሯ በጋቢናዋ ውስጥ ትተኛለች» ብዬ እውነቱን ጻፍኩ። ከሰባት ሳምንት በኋላ የመጣው ቤሻይድዎ፣ ማለትም የጽሑፍ ውሳኔዎ፣ ሰው የሚተኛበት ግቢ ማደሪያ መሆኑን፣ ማደሪያም ሁለተኛ የአደጋ መውጫ እንደሚያስፈልገው፣ ስለዚህም እንደማይፈቀድ አስታወቀኝ። ሌሊቱን ቁጭ ብላ ብታነጋስ ይፈቀድ ነበር ወይ ብዬ ስደውል፣ ባልደረባዎ «ሳይፈቀድ አይቀርም» አሉኝ።

ውሳኔዎን በቀይ እስክሪብቶ ላርመው ብዬ ሦስት ጊዜ አነበብኩት፤ አንድም ስህተት አላገኘሁበትም። ስህተት የሌለበት ሥራ ሰውን በሌሊት መንገድ ላይ ሊጥል እንደሚችል ሳላስተምራቸው የቀረሁ ተማሪዎቼን ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ከማኅተምዎ ክብነትና ከወንበርዎ ምቾት ጋር በትክክል በሚመጣጠን አክብሮት፣

ውባለም ዘውዴ
የዶርቃ እናት፣ ከኒድ

ማስታወሻ፦ ከሁለት ዓመት በፊት ለአዳር ጸሎታችን የሰጡንን ፈቃድም አነበብኩት። ምእመናን ከማታ እስከ ንጋት በአዳራሹና በግቢው መቆየት እንደሚችሉ ይላል፤ በወር ስንት ሌሊት እንደሆነ ግን አይልም፤ በምን ተሽከርካሪ እንደሚመጡም አይልም። ባለፈው እሑድ ጉባኤያችን ዶርቃ በከተማው ባለፈች ቁጥር የአዳር ጸሎት እንዲኖር በአንድ ድምፅ ወስኗል። ጋሽ ኢማኑኤል በአዳራሹ ይጸልያሉ፤ ልጄም የበሮቿን ማሰሪያ ፈትታ፣ መጋረጃዋን ዘግታ፣ በጋቢናዋ ውስጥ ዓይኗን ጨፍና ትጸልያለች። ተቆጣጣሪዎ ሊያረጋግጥ ቢመጣ በክብር እንቀበለዋለን። መስኮቱን ግን እንዳያንኳኳ ይንገሩልን፤ አሜን እስክትል አሥራ አንድ ሰዓት ያህል ይፈጅባታል።