የአዋላጇ ፋኖስ

በ1948 ዓ.ም. ክረምቱ ከልክ አለፈ። የጡብ ፋብሪካው እቶን ውሃ ገባበትና ተዘጋ። እዚያ ይሠሩ የነበሩት አባታችን እቤት ዋሉ። እናታችን የሰው ልብስ መስፋት ጀመሩ። ቤታችን አንድ መስኮት ብቻ ነበረው፤ ደመናው ቀኑን ስላጨለመው በኩራዝ ይሰፉ ነበር። የኩራዙ ጥቀርሻ ነጭ ጨርቅ ላይ እያረፈ ደንበኛ አሸሸ።

ጎረቤታችን አዋላጇ ይህን አይተው የራሳቸውን ፋኖስ አመጡልን። የላምባ መያዣውም፣ መብራቱን የሚከልለው ክብ መስተዋትም ሐምራዊ አበባ የተሳለባቸው ነበሩ። ሟች ባለቤታቸው የሰጧቸው ጌጥ እሱ ብቻ ነበር። «ሰማዩ እስኪጠራ ይሁናችሁ» አሉ። ያን ክረምት ያበላን ያ ፋኖስ ነው።

ዛሬ የምንሸኛቸው እህታችን ያኔ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበሩ። የተወለዱት በ1939 ዓ.ም. ሲሆን፣ ለወላጆቻችን የመጨረሻ ልጅ፣ ይህን ለምጽፈው ለእኔ ታናሽ ናቸው። ዝናቡ ሲያባራ ፋኖሱን አጽድቶ የመመለስ ሥራ ለእሳቸው ተሰጠ። በቤታችን የተዋሱትን ዕቃ ሳያጸዱ መመለስ ነውር ነው። ስለዚህ ክቡን መስተዋት በአመድና በሙቅ ውሃ ፈተጉት። ጥቀርሻው ለቀቀ። አበባውም አብሮ ለቀቀ። ቀለሙ በእሳት ያልተጠበሰ መሆኑን ከመካከላችን የሚያውቅ አልነበረም።

እናታችን የእህታችንን እጅ ይዘው ወደ አዋላጇ ቤት ወሰዷቸው። አዋላጇ መስተዋቱን አገላብጠው አዩት። «ልጄ፣ እንዲህ የጸዳ መስተዋት በዕድሜዬ አላየሁም» ብለው ሳቁ። ከዚያ ፊታቸውን አዙረው ዓይናቸውን ጠረጉ። እህታችን ሳቁንም እንባውንም አዩ። በዓመቱ አዋላጇ ወደ ሌላ ከተማ ሄዱ፤ ፋኖሱም አብሯቸው ሄደ።

እህታችን እስከ ስምንተኛ ክፍል ተማሩ። ከሥዕል በቀር የተመሰገኑበት ትምህርት የለም። በ1956 ዓ.ም. የስኒና የሳህን ፋብሪካ በሠዓሊነት ቀጠራቸው። ስኒ ላይ የሳሉት ቅጠል ከእቶን ሲወጣ በምንም እጥበት እንደማይለቅ ያወቁት እዚያ ነው። የእቶኑን ተቆጣጣሪ በ1960 ዓ.ም. አገቡ። ሰዉ «ያገባችው እቶኑን ነው» ይል ነበር። አማቻችንም አልካዱም፤ «እኔ ምርቃት ነኝ» ይሉ ነበር። አንድ ወንድና አንዲት ሴት ልጅ ወለዱ።

አሮጌ ፋኖስ መሰብሰብ የጀመሩት ልጆቹ ትምህርት ቤት ሲገቡ ነው። በየገበያው እየዞሩ የሽንኩርት ማስቀመጫ የሆነውን፣ እጀታው የወለቀውን፣ ክሩ የበሰበሰውን ሁሉ ገዙ። ማድ ቤቱ ሞልቶ ምግብ በረንዳ ላይ ይበሰል ጀመር። ሰፈሩ «እትዬ ላምባ» አላቸው። ወንድ ልጃቸው ደግሞ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ሆነ። መብራት በጠፋ ቁጥር ልጅ ሲያፍር እናት ደስ ይላቸው ነበር።

የአሠራር ደንባቸው ጥብቅ ነበር። ማንኛውንም ፋኖስ መጀመሪያ ከማይታይ ጥጉ በረጠበ ጥጥ ይነኩታል። ጥጡ ቀለም ከያዘ ያ ፋኖስ ዳግመኛ ውሃ አያይም፤ በደረቅ ብሩሽ ብቻ ይጸዳል። የጠፋ ሥዕል ግን አይሞሉም። አንድ ባለ ሆቴል ግማሽ ወፍ የቀረበት ፋኖስ አምጥተው ግማሹን እንዲስሉላቸው ቢለምኗቸው፣ «ወፏን የጀመረው ሰው አልላከኝም» ብለው መለሷቸው። ገበያ ላይ ፋኖስ ባዩ ቁጥር አበባው ሐምራዊ መሆን አለመሆኑን ሳያዩ አያልፉም ነበር። ምን እንደሚፈልጉ ቤተሰቡ ያውቅ ነበር። ማንም አይናገረውም።

ባለቤታቸው በ1998 ዓ.ም. አረፉ። በ2015 ዓ.ም. አንዲት ነርስ ፋኖስ ይዛ መጣች። መያዣው ሐምራዊ አበባ አለበት፤ ክቡ መስተዋት ባዶ ነው። የላምባ ማስተላለፊያውን ይጠግኑልኝ አለች። ስለ ባዶው መስተዋት ሲጠይቋት፣ «አያቴ ‹እንዲህ የጸዳ መስተዋት በዕድሜዬ አላየሁም› እያለች ትስቅ ነበር» አለቻቸው። እህታችን የሚቀመጡበት ወንበር ፈለጉ። ከዚያ ሁሉንም ነገሯት፤ ፋኖሱንም እንድትተውላቸው ለመኗት።

በዚያን ጊዜ ልባቸው ታሞ እጃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። አሮጌ መስተዋት ደግሞ እቶን ውስጥ ሊሰነጠቅ ይችላል፤ ከተሰነጠቀ ምትክ የለውም። ልጆቻቸው ሌላ ሰው ይሳለው ቢሏቸው አልሰሙም። «የሌላ ሰው ሥራ አልሞላም። ይሄን ያጠፋሁት ግን እኔ ነኝ» አሉ። ልጃቸው ክርናቸውን ደግፎ ይዞላቸው፣ ከመያዣው ላይ እያዩ አበባውን መስተዋቱ ላይ ገለበጡ። መስመሩ በተጣመመ ቁጥር ጠርገው እንደገና ጀመሩ። ክረምት ከበጋ ፈጀባቸው። ባለቤታቸው በተዉላቸው ትንሽ እቶን በዝግታ አሙቀው፣ በዝግታ አቀዘቀዙት። መስተዋቱ ሳይሰነጠቅ ወጣ።

እህታችን ኅዳር 9 ቀን 2016 ዓ.ም. በተወለዱ በ77 ዓመታቸው አርፈዋል። ሁለት ልጆች፣ አራት የልጅ ልጆችና አንድ ወንድም ትተዋል። ፋኖሶቹን ልጆቹ ይጠብቋቸዋል።

ከማረፋቸው በፊት በነበረው ሳምንት ነርሷን አስጠርተው ነበር። ከዳቦ ቤት አመድ አስመጥተው፣ ውሃ አሙቀው ጠበቋት። መስተዋቱን ሰጧትና «እጠቢው» አሏት። ልጅቷ ፈራች፤ በጣቷ ጫፍ ነካ ነካ አደረገችው።

«እንደሱ አይደለም። እኔ በዘጠኝ ዓመቴ ከዚህ አብልጬ ፈትጌዋለሁ።»

ፈተገችው። ውሃው ጠቆረ። አለቅልቃ ወደ መስኮቱ ስታነሳው አበባው በቦታው ነበር። እህታችን ተቀብለው በቀሚሳቸው አደረቁት፤ መያዣው ላይ ገጥመው መለሱላት።

የተዋሱትን አጽድተው መልሰዋልና ነፍሳቸው በሰላም ትረፍ።