አሮጊቷ የሌለችበት ፊልም

ኅዳር 6
ዛሬ አሞራ ገደል፣ ዓሣ ገበያው፣ ዓሣው ትንሽ ነበር፤ አጽድቼ በጊዜ ገባሁ። የልጅ ልጄ ሊያ የቤት ሥራ ተሰጥቷታል። የልጆች ልብ ወለድ ማንበብ፣ ከእሱ የተሠራውን ፊልም ማየት፣ የቱ ይሻላል ብሎ መጻፍ። እሷ መጽሐፉን ትራስ አድርጋ ተኝታለች! እኔው አነሳሁት። ቤተ ክርስቲያን ያስቆጠሩኝ ፊደል ታዲያ ለምን ይሆነኛል?

ኅዳር 11
ጨረስኩት! በጣቴ እየተከተልኩ። ወላጆቿ የሞቱባት ልጅ... አያቷ ሐይቅ ዳር ዓሣ እያጸዳች ታሳድጋታለች። ልጅቷ ትምህርት ቤት ስትሄድ እጇን በሎሚ ታሻለች፣ እንዳይሸት። የጻፈው ሰውዬ የት አየኝ? አለቀስኩ። ደግሞ ሳቅኩ... የአሮጊቷ ምላስ!

ኅዳር 13
ፊልሙን በሊያ ስልክ አየን። ቱ! አሮጊቷን አውጥተዋታል! በእሷ ቦታ አክስት ብለው አንዲት ባለመኪና፣ ጥፍሯ ቀይ። ቆሮሶ ዓሣውን ቅርፊቱን እንኳ ሳታነሳ ከነሐሞቱ ከረከረችው! ማን ሊበላው? ለድመትም አልሰጥ። ሐይቁ ዳር አንድ ዝንብ የለ፣ አንድ አሞራ የለ። ውሸታሞች!
«እማዬ ደግሞ! ፊልሙ ይሻላል፣ ያምራል» አለች ሊያ።
«ልጅቷን ማን አሳደጋት ታዲያ?»
«አክስቷ።»
«ያቺ ባለጥፍር? አንድ ቀን ሽንት ጨርቅ አጥባለች?»
ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም። እናቷ አረብ አገር ከሄደች ጀምሮ ሊያን ያጠብኩት በዚህ እጄ ነው።

ኅዳር 15
ደብተሯን ገለጥኩት። «ፊልሙ ይሻላል። ዓሣ ዓሣ የምትሸት አሮጊት የለችበትም።»
ምነው ማንበብ ባልተማርኩ...

ኅዳር 20
የወላጆች ቀን። «አትምጪ፣ ግድ አይደለም» ብላኝ ነበር። ሄድኩ። የክፍሏ መምህር ተመስገን፣ «እርስዎ የሊያ ምኗ ነዎት?» አለኝ። አፌን ሳልከፍት ሊያ ቀደመችኝ።
«ጎረቤታችን ናቸው።»
ናቸው! አንቱ አለችኝ፣ እንደ ባዳ።
«አዎ፣ ጎረቤት ነኝ» ብዬ ወጣሁ። ባጃጅ ተሳፈርኩ። ባጃጁ ውስጥ ምን እንዳልኩም አላውቅ።

ኅዳር 23
ሦስት ቀን አላናገርኳትም። እኔ! ዝም! ጎረቤቴ ሙሉመቤት እንኳ ከአጥር ማዶ፣ «ምነው፣ አሞዎት ነው እንዴ?» አለችኝ። ጠዋት ሊያ ሻይ ይዛልኝ መጣች።
«እማዬ፣ ተቆጪኝ እንጂ። ዝም አትበይኝ።»
«የጎረቤት ልጅ አልቆጣም።»
ብርጭቆውን እንደያዘች አለቀሰች። እኔ ግን አልተነሳሁም።

ኅዳር 25
ዛሬ ዓሣ እያጸዳሁ ቀና ስል... ሊያ! ከነዩኒፎርሟ። ሁለት የክፍሏን ልጆች አስከትላ። አፍንጫቸውን ይዘዋል።
«አያቴ ናት። ያሳደገችኝ እሷ ናት» አለች፣ ገዢው ሁሉ እየሰማ።
ቢላዬን አስቀመጥኩ። «ቆማችሁ ልታሸቱ ነው የመጣችሁት? በሉ ባልዲውን አንሱ!» አልኩ።
ቀድማ ያነሳችው ሊያ ናት። የዓሣ ውኃ ቀሚሷ ላይ ፈሰሰ፤ አላየችውም።
ልጅቷን ይቅር ብያለሁ። ፊልሙን? ሞቼ ነው!