የእማዬ ሽርጥ ጥለት

ይድረስ ለታናሽ እህቴ፣ ቪየንቲያን ከተማ፤

እንደምን ሰንብተሻል? የባለቤትሽ ጉልበት ተሻለው? እኔ ከዓይኔ በቀር ደህና ነኝ። ወንዙ ዘንድሮ ሞልቶ የታችኛውን ጓሮ ወስዶብኛል።

ፊደሌ ቢንጋደድ አትሳቂብኝ። እስከ ዛሬ የላክሁልሽን ሁሉ የጻፉልኝ የገዳሙ መነኩሴ ነበሩ። የአሁኑን ግን ለሰው ነግሬ ማስጻፍ ስላፈርኩ ራሴ ጻፍኩት። በስድሳ ዓመቴ ከሕፃናት ጋር ወለል ላይ ተቀምጬ የተማርኩት ለዚህ ሆነ።

ልጅሽ ቶንግቫን ወታደር ሆኖ ሊሄድ እንደሆነ፣ እንዲጠብቀውም እንደ ወጋችን ከእማዬ ሽርጥ ግርጌ ከተሰፋው ጥለት ቆርጠሽ ልታስሪለት እንዳሰብሽ ጽፈሽልኛል። እህቴ፣ እንዳትቆርጪው። መጀመሪያ ይህን አንብቢ።

እማዬ ማለዳ ለመነኮሳቱ ሩዝ ልትሰጥ መንገድ ዳር ስትንበረከክ ትዝ ይልሻል? ጥለቱ አፈር አይነካም፣ እጥፋቱ አይዛባም። በሰባ ዓመቷ እንኳ ስትነሳ እጇን የትም አትደገፍም ነበር። ያንን አንቺ ወረስሽ። እኔ የአባታችንን አረማመድ ወረስኩ። ጎረቤታችን አክስት ኑዋን፣ “ምነው አንዷን ሽመላ፣ አንዷን ጎሽ አድርገሽ ወለድሽ?” ስትላት እማዬ ሳቀች። ያቺን ሳቅ አልረሳኋትም።

ልትሞት ሰሞን ሽርጡ ያንቺ እንዲሆን ተናዘዘች። አንቺ ከተማ ነበርሽ፤ ያጠብኳትና ያጎረስኳት እኔ ነኝ። “ለኔስ?” ብላት፣ “አንቺማ ከፈለግሽ ራስሽ ትሸምኚያለሽ” አለችኝና ፊቷን አዞረች። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ለለቅሶዋ መጥተሽ፣ ሽርጡን አጥቤ እንድልክልሽ አደራ ብለሽኝ ሄድሽ። ሦስት ወር ያቆየሁት ዝናቡ አላስደርቅ ብሎኝ አይደለም። የእማዬን ጥለት ፈትቼ አስቀረሁትና የእኔን ሸምኜ ሰፋሁበት። አዲስነቱ እንዳይታወቅ ሻይ ውስጥ ነከርኩት።

በአዲስ ዓመት ለብሰሽው መጣሽ። አክስት ኑዋን ጫፉን ዳስሳ፣ “እንዲህ ያለ እጅ ከእናትሽ ጋር ቀረ” ስትልሽ አጠገባችሁ ቆሜ ነበር። አታለልኳችሁ ብዬ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። እኔ ግን ተቃጠልኩ። የገዛ ሥራዬ እማዬን አስመሰገናት፤ ወገብሽ ላይ ሲሆን ደግሞ በእውነት ያምር ነበር።

እውነተኛው ጥለት ከዚህ ደብዳቤ ጋር ተጠቅልሏል። ጫፉ ላይ ፍም የበላውን ቦታ ታውቂዋለሽ፤ በእኔው ላይ እንደሌለ ግን ልብ አላልሽም ነበር። ሃያ ዓመት ሣጥን ውስጥ ነበር። አንድ ቀን ብቻ በራሴ ሽርጥ ላይ ሰፍቼ፣ ሰው በሌለበት ጓሮ ውስጥ እንደ እሷ ተንበረከክሁ። ስነሳ ሁለቱንም እጄን ተደገፍኩ። በማግስቱ ፈታሁት።

እንግዲህ ከእሱ ቆርጠሽ እሰሪለት፤ የቀረውንም በቦታው መልሺው። ልትረግሚኝ ብትፈልጊ ልጁ በደህና ከተመለሰ በኋላ ይሁን። የእማዬ ነፍስ በሄደበት ሁሉ ትቅደምለት። ቤትሽ ሰላም ይዋል፣ ሰላም ይደር።

ልጅ አልባዋ ታላቅ እህትሽ

የእኔን ጥለት ፈትተሽ ጣይው ልልሽ ነበር። አትጣይው። ከእሱም ጣት የምታህል ቆርጠሽ ከእማዬው ጋር እሰሪለት። የማን እንደሆነ ግን አትንገሪው።