እግሩን ሳይታጠብ ለሄደው እንግዳ ዋስ ለሆኑት ሰብሳቢ

ሰቆጣ፣ ግንቦት 14 ቀን 1998 ዓ.ም.

ለክቡር አቶ ቅጣው ዓለምብርሃን፣
የእንግዶች አቀባበልና የቪዲዮ ቤቶች ቁጥጥር ኮሚቴ ሰብሳቢ

ክቡር ሆይ፣ እንዴት ሰነበቱ? ጤናዎ እንዴት ነው? ለእንግዳ ብድግ ሲል ዝሎ የማያውቀው ወገብዎስ፣ ከመጣው ሁሉ ጋር ሲስቅ የማይደክመው መንጋጋዎስ ደህና ነውን? እኛ በእርስዎ ደግነት ደህና ነን፤ ከአንዷ በቀር ሁላችንም አለን። ወደ ላቀ ኃላፊነት ተዛውረው የፊታችን እሑድ በአዳራሹ ሽኝት እንደሚደረግልዎ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ አንብቤ ደስ አለኝ። ከእሱ ዝቅ ብላ በተለጠፈችው ወረቀት ደግሞ ጊዜ ያለፈባቸው የኮሚቴው ሰነዶች ዓርብ ዕለት እንደሚቃጠሉ ስላየሁ፣ ምስጋናዬ ሳይደርስዎ እንዳያመልጡኝ ብዬ ፈጥኜ ብዕር አነሣሁ።

ምናልባት ዘንግተውኝ እንደ ሆነ፣ እኔ ይስማው ደሴ ነኝ፤ ከመናኸሪያው ጀርባ በነበረው ቪዲዮ ቤት በርጩማ ላይ ቆሜ የፈረንጁን ፊልም በአማርኛ፣ ከአበርገሌና ከሰሃላ ለሚመጣው ገበያተኛ ደግሞ በአገውኛ እየተረጎምሁ የማሰማው ሰው። ጥሩሐረግ የምትባለው ልጅ ታናሽ እኅቴ ናት። እርሷን እንኳ አይዘነጓትም፤ ስሟ በእርስዎ እጅ ተጽፏል።

ጽሕፈት ቤትዎ ቁጥር ያልተሰጠውን ነገር እንደማያነብ በሁለት ዓመት ከሰባት ወር ምልልስ ስለ ተማርሁ፣ ምስጋናዎቼን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩. ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ እንዲሉ፣ በመጀመሪያ ስለ ፊልሙ ላመስግንዎ። በ1996 መስከረም ወደ ቪዲዮ ቤቱ ስምንት ካሴት የሞላ የድሮ ተከታታይ ድራማ መጣ። ተራራ በሚያህል መርከብ ከሰማይ የወረዱ እንግዶች አንዲት ከተማ ላይ ያርፋሉ፤ መልካቸው ያማረ፣ ንግግራቸው የለዘበ ነው፤ ለበሽተኛው መድኃኒት፣ ለወጣቱ ሥራ አለን እያሉ ሰዉን በፈቃዱ መርከባቸው ላይ ይጭኑታል፤ የተጫነው የት እንደሚደርስ ግን አይታወቅም። የከተማው ከንቲባ በማርሽ ባንድ ይቀበላቸዋል፤ ማንም እንዳይጠራጠራቸውም ይቆጣል።

እዚህ ላይ አንድ ኑዛዜ አለኝ። የእኔ እንግሊዝኛ ስምንተኛ ክፍል ላይ ነው የቆመው። እንግዶቹ የሚሉትን በመልካቸው እየገመትሁ እዘልቀዋለሁ፤ ከንቲባው ግን አፉን ከከፈተ የማይዘጋ ሰው ስለ ነበር ቃል አጠረኝ። በጨነቀኝ ጊዜ የእርስዎን የአዳራሽ ንግግር አፉ ውስጥ ጨመርሁለት። ክቡርነትዎ ያምኑኛል? ልክክ አለለት! «ውድ እንግዶቻችን፣ ቤታችሁ ነው፤ የጠየቃችሁትን ሁሉ በአጭር ጊዜ እናቀርባለን» የሚለውን እንዳለ ወሰድሁት፤ አንዲት ቃል ማቃናት እንኳ አላስፈለገኝም። በሦስተኛው ካሴት ላይ ሕዝቡ ከንቲባውን አቶ ቅጣው እያለ ይጠራው ጀመር። ሲያጨበጭብ አቶ ቅጣው አጨበጨበ ይላሉ፣ ሲያጎነብስም እንደዚያው። ይህ ወሬ ጆሮዎ ደርሶ እንዳስቀየመዎት በኋላ ሰማሁ። እውነትም ያስቀይማል፤ የፊልሙ ከንቲባ ከእርስዎ ይልቅ ያፍር ነበር።

ሌላም ፈጠራ አለብኝ። እስከ መጨረሻው ሳንደርስ ባየናቸው ሰባት ካሴቶች ሁሉ እንግዶቹ አንድ ቀን እንኳ ጫማ ሲያወልቁ አላየሁም። እኛ አገር ደግሞ ደጃፍ የረገጠ እንግዳ ከምንም በፊት እግሩን ይታጠባል። እኔም ነገሩ እንዲጥም ብዬ፣ ከጫማቸው ሥር የአሞራ ጥፍር አለ፣ እግር ታጠቡ ሲባሉ የሚሸሹት ለዚህ ነው አልሁ። በፊልሙ ውስጥ እግር ታጠቡ ያላቸው ሰው እንኳ አልነበረም። ቤቱ ሙሉ ሕዝብ ግን «እጠቧቸው! እጠቧቸው!» እያለ ቴሌቪዥኑ ላይ ጮኸ። ከዚያ ወዲህ ሰቆጣ የገባ እንግዳ ሁሉ ጫማውን ሳያወልቅ አላለፈም። አንድ የመንገድ ቀያሽ በአንድ ቀን አራት ቤት እግሩን ታጥቦ በጉንፋን ሦስት ቀን ተኛ። ስቀን ሞትን።

፪. ሁለተኛው ምስጋናዬ በጥቅምት ስላመጡልን እንግዳ ነው። ጅብ የማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ ይባላል፤ የእኛው ግን ቁርበት አንጣፊውን ይዞ መጣ። ኢንጂነር ምሳው ብለው አስተዋወቁን። ምን እንደ ሠራ የሚጠይቅ አልነበረም፤ ኮቱ ሁሉን ይመልሳል። ለአሥራ አንድ ሴት ልጆች ባሕር ማዶ የሆቴል ሥራ አለው ተባለ፤ እርስዎም ከቤት ቤት እያዞሩ ከወላጅ አገናኙት።

እኛ ቤት ሲገባ እናታችን ለተሥላሴ እንደ ወጉ ውሃ ለብ አድርጋ፣ ገበቴውን ይዛ እግሩ ሥር ተንበረከከች። ሰውየው እግሩን ወደ ተቀመጠበት ዱካ ሥር ሰበሰበ። ደግማ ለመነችው፤ ጭራሽ ተነሥቶ ቆመ። ያን ጊዜ እርስዎ ያንን የታወቀ ሳቅዎን ስቀው፣ ይህ ቪዲዮ ያመጣባችሁ አጉል እምነት ነው፣ ኢንጂነሩ ቸኩለዋል፣ ስለ እሳቸው እኔ ዋስ ነኝ አሉ። እናቴ ዋስ የሚለውን ቃል ስትሰማ ውሃውን ይዛ ወጥታ ደጅ ደፋችው። ፊደል አትለይም እንጂ ዋስ ምን እንደ ሆነ ታውቃለች። በእኛ ዘንድ በሬ ይዞ የጠፋ ቢኖር ዋሱ በሬ ይተካል። ሰው ይዞ የጠፋ ቢኖር ዋሱ ምን እንደሚተካ ሽማግሌዎቹን ብጠይቅ፣ እስካሁን እንዲህ ያለ ዋስ አጋጥሞን አያውቅም አሉኝ።

የራሴንም ድርሻ አልሸሽግም፤ ይህ ደብዳቤ ግልጽ ደብዳቤ ነውና። በዚያው ቀን ጥሩሐረግ ወደ ጓሮ ጠርታኝ፣ እንዲያው ወንድሜ ሙት፣ የጥፍሩ ነገር እውነት ነው ወይ ብላ በአገውኛ ጠየቀችኝ። ሰባቱን ካሴት አንድም ሳይቀራት አይታለች፤ ፈርታለች። እኔም ሳቅሁባት። ከራሴ ፈጥሬው ነው፣ ሂጂ አትፍሪ አልኋት። በሕይወቴ ስንት ነገር ዋሽቼ፣ እውነት የተናገርሁት በዚያች ቀን ብቻ ነበር። አሁን ይህን ስጽፍ እጄን ቢቆርጡት እመርጣለሁ።

፫. ጥሩሐረግ ያለችባቸው አሥራ አንዱ ልጆች በአውቶቡስ ወደ ወልድያ በወረዱ በሦስተኛው ቀን ቪዲዮ ቤቱን በእንግዶች ላይ ጥርጣሬ ያስፋፋል ብለው ስላሸጉልን ከልብ አመሰግናለሁ። ስምንተኛውንና የመጨረሻውን ካሴት ለምርመራ ብለው መውሰድዎም ተገቢ ነበር፤ ቤትዎ የካሴት ማጫወቻ ዴክ እንዳለ፣ ምርመራውም በፈንዲሻ እንደ ተካሄደ ጎረቤትዎ ሁሉ መስክሮልዎታል። ሰባተኛው ካሴት የሚያልቀው ሰዎቹ ከመርከቡ መስኮት ሆነው እጃቸውን ሲያወዛውዙ ነው። እናቴ ስለ ልጇ አንድ ቃል አትናገርም፤ ይልቅስ በየጊዜው፣ እነዚያ በመርከብ የተወሰዱት ተመለሱ ወይ ትለኛለች። ፈጥሬ ልነግራት እችል ነበር። ዳግመኛ ላልፈጥር ግን ምያለሁ። በሰቆጣ መጨረሻውን የሚያውቅ ሰው እርስዎ ብቻ ነዎት፤ የፊልሙንም፣ የልጆቹንም።

፬. ከአሥራ አንዱ አንዷ፣ የአበርገሌዋ ባንቺ፣ ከስምንት ወር በኋላ በእግሯ ተመለሰች። ሆቴል የሚባል ነገር እንዳልነበረ፣ ምሳው ድንበር ላይ ለሌሎች ሰዎች እንዳስረከባቸው፣ ጥሩሐረግንም ከሁለት ልጆች ጋር ለይተው በሌላ መኪና እንደ ጫኗት፣ እርሷ ራሷ ግን ለሽንት ወርዳ በዚያው እንደ ጠፋች ነገረችን። እናቴ ሁሉንም ሰምታ ስታበቃ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀቻት፤ እግሩን አይተሽዋል ወይ? ባንቺ አዎን አለች። ከማስረከቡ በፊት ጥላ ሥር ተቀምጦ ጫማውን አውልቆ እግሩን ዘረጋ፤ እንደ ማንኛውም ሰው እግር ነው፣ ንጹሕ፣ ጥፍሩ የተቆረጠ። እናቴ ያን ጊዜ ጮኸች። በስምንቱ ወር ሁሉ ያላለቀሰችውን ያን ቀን አለቀሰችው። የአሞራ ጥፍር ቢሆን ትጽናና ነበር፤ ሰው መሆኑ ነው የቆረጣት።

፭. በመጨረሻ ስለ ትዕግሥትዎ። ባንቺ ከተመለሰች በኋላ ያመለከትንለት የፖሊስ መርማሪ የነገረን ቀላል ነገር ነው፤ ኮሚቴው ምሳውን ሲመዘግብ ፎቶግራፉን፣ የመታወቂያ ቁጥሩንና የትውልድ ቀበሌውን የያዘ ወረቀት አለ፣ እሱን አምጡ፣ ሰውየውን እንፈልጋለን፣ እሱ ከተያዘ ልጆቹን ለማን እንደ ሰጠ ይታወቃል አለን። ወረቀቷ አንዲት ናት፤ በእርስዎ ሣጥን ውስጥ ናት። ስጠይቅዎ መጀመሪያ ማኅተሙ መስክ ወጥቷል አሉኝ፤ ቀጥሎ ቁልፉ፤ ቀጥሎ ጸሐፊዋ ወልዳለች፤ በኋላ ደግሞ የእንግዳን አድራሻ አሳልፎ መስጠት እንግዳ ተቀባይነታችንን ያጎድፋል አሉ። ምነው ክቡርነትዎ፣ አያ ጅቦ ሳታመካኝ ብላኝ የሚባለው እኮ ለእንደዚህ ያለ ጊዜ ነው። ጸሐፊዋ የወለደችው ልጅ ዛሬ ይሮጣል።

አሁን ያቺ ወረቀት ዓርብ ልትቃጠል ነው። የአንድ ሰው ልጅ ያለችበት አገር የሚታወቅበት ብቸኛው ወረቀት ጊዜ አልፎበት ከድሮ የስብሰባ መጥሪያ ጋር ይነድዳል። ሥራዎን በንጽሕና አስረክበው ሲሄዱ ምን ያህል ቅልል እንደሚልዎ ይታየኛል። ላም አለኝ በሰማይ የሚሉት እኛን ነበር፤ እኛስ ወተቱ ቀርቶብን የላሟን ገመድ አሳዩን ብቻ ነው ያልነው። ካሴቱን ያስቀሩት፣ ለልጆችዎ መዝናኛ ይሁን። ወረቀቷን ግን ይስጡን። ይህን ስለምንዎ እያፌዝሁ አይደለም፤ ለምኜዎታለሁ።

በዚህ ደብዳቤ ያስቀየምሁዎት ነገር ካለ የትርጉም ስሕተት አድርገው ይቁጠሩልኝ፤ ቪዲዮ ቤቱን ሲያሽጉ በዚህ ወንጀል አስቀድመው ከስሰውኛልና አዲስ ፋይል መክፈት አያስፈልግዎም። በሚሄዱበት አገር ሕዝቡ እንደ እኛ ቃል የሚያምን፣ እናቶቹም እንደ እናቴ ዝም የሚሉ እንዲሆኑልዎ፣ መንገድዎ ሁሉ የእኅቴን መንገድ እንዳይመስል እየተመኘሁ፣ ለእግርዎ ዝቅ ብዬ እሰናበትዎታለሁ።

የቀድሞው ፊልም ተርጓሚ፣ የዛሬው ደጅ ጠኚዎ፣
የጥሩሐረግ ወንድም
ይስማው ደሴ

ግልባጭ፦ ለማስታወቂያ ሰሌዳው፣ ለመናኸሪያው በር፣ ለገበያው ዋርካ

ድኅረ ጽሑፍ፦ እናቴ ለተሥላሴ እሑድ በሽኝትዎ ላይ ትገኛለች። ትልቁን ገበቴ ይዛ ትመጣለች፤ የሚሄድ ሰውም እንደሚመጣው እግሩ ቢታጠብ ነውር የለበትም ትላለች። አይፍሩ፤ ጥፍር ፍለጋ አይደለም፣ የሰው እግር እንደሆነ አሁን ታውቃለች። ሆኖም አስቀድሜ ላስጠነቅቅዎ፣ ዓይኗ ቢደክምም እጇ አልደከመም፤ አንድ ጊዜ ቁርጭምጭሚትዎን ከጨበጠች ወረቀቷ ሳትመጣ አትለቅም። ወረቀቷን አምጥተው ከሆነ ታጥበው በሰላም ይሄዳሉ። አቃጥለዋት ከሆነ ግን ዋስ ነዎትና፣ የያዘችውን ይዛ ትቀመጣለች።