ስለ ሱሃይላ ገንዳ እና ስለተሰጣት ዜሮ

ለአዳሪ ትምህርት ቤቱ የመግቢያ ፈተና አራሚ ኮሚቴ ሰብሳቢ
ለተከበሩ አቶ ጫምሳ ሁንዴ
አዳማ

ክቡር ሆይ፣ አስቀድሜ እርስዎም ቤተሰብዎም በሙሉ ጤና እንድትሰነብቱ፣ የአዳማ ሙቀትም ከቢሮዎ ቬንቲሌተር አልፎ እንዳይደፍርዎ ከልብ እመኛለሁ። እኔ መቂ አጠገብ የስምንተኛ ክፍል ሒሳብ መምህር ነኝ። ይህን በአደባባይ የምጽፍልዎ በግል የላክሁልዎትን ለማንበብ የሥራ ብዛት እንዳልፈቀደልዎ ስለተረዳሁ ነው።

ተማሪዬ ሱሃይላ ጠሃ በአንድ ጥያቄ ምክንያት ወድቃለች። ጥያቄው የሽንኩርት ማሳ ስለሚያጠጣ ገንዳ ነበር፤ ፓምፑ ከተነሳ ከሦስት ሰዓት በኋላ 2600 ሊትር ውሃ ቀርቷል፣ በየሰዓቱ 200 ሊትር ይቀንሳል፣ የሚቀረውን ውሃ በእኩልዮሽ ግለጹ ይላል። የኮሚቴው መልስ y = 3200 − 200x ነው። ሱሃይላ የጻፈችው y − 2600 = −200(x − 3) ነው። ቅንፉን ፈትቶ 2600ን ወደ ማዶ ለማሻገር ትዕግስት ያለው ሰው የሚደርሰው እዚያው የእናንተ መልስ ላይ ነው። ኮሚቴዎ ግን ዜሮ ሰጣት። ስለዚህ ቅሬታዬን በትሕትና አቀርባለሁ።

1ኛ. ጥያቄው እኩልዮሹ በየትኛው መልክ ይጻፍ አይልም። ተፈታኞች በኮሚቴው ልብ ያለውን ያውቃሉ ብላችሁ መጠበቃችሁ ለልጆቻችን ያላችሁን ትልቅ ግምት ያሳያልና እናመሰግናለን።

2ኛ. ሱሃይላ ለምን ከመነሻው እንዳልጀመረች ለማወቅ ሰፈሯን ማወቅ ይጠይቃል። እኛ ዘንድ ማሳ የሚጠጣው በተራ ነው። ጎህ ሲቀድ ፓምፑን የሚያስነሳው ሌላ ገበሬ ነው፤ የእነ ሱሃይላ ተራ ሲደርስ ገንዳው ጎድሏል። ይህች ልጅ ገንዳውን ሞልቶ አይታው አታውቅም። እንጨት ነክራ ያገኘችውን ትለካለች፤ ከዚያ ተነስታ ውሃው የአባቷን ማሳ ያዳርስ እንደሆነ ታሰላለች። በፈተናውም ያደረገችው ይህንኑ ነው፤ ከምታውቀው ተነስታ በሚቀንሰው ልክ ሄደች። ኮሚቴዎ ሰው ሁሉ ከሙሉ ገንዳ ይጀምራል ብሎ ማመኑ የጥሩ ኑሮ ምልክት ነውና ደስ ብሎናል።

3ኛ. ለአቤቱታ በመጣን ጊዜ ክቡርነትዎ ወረቀቷን በአንድ እጅዎ፣ ስልክዎን በሌላው ይዘው፣ መልሱ ለማረሚያ ከተዘጋጀው ጋር አይመሳሰልም ብለው አሰናብተውናል። ስላልተቆጡን ምስጋናችን የላቀ ነው። ልጅቷ መቂ ስንደርስ፣ ቲቸር የተሳሳትኩት የቱ ጋ ነው ብላ ጠየቀችኝ። የትም ጋ አልተሳሳትሽም አልኳት። ታዲያ ለምን ወደቅኩ አለችኝ። ተናድጃለሁ፤ እስካሁንም አልበረደልኝም።

አራተኛም ነበረኝ፤ ነገር ግን ጊዜ የለንም። ምዝገባው አርብ ይዘጋል። ከማሳቸው እስከ ከተማው ሁለተኛ ደረጃ በየቀኑ መመላለስ ስለማይቻል፣ እናንተ ካልተቀበላችኋት ትምህርቷ እዚህ ላይ ያበቃል። አባቷ አቶ ጠሃ እስከ አርብ እጠብቃለሁ፣ ከዚያ ወዲያ ከሽንኩርት ለቃሚዎቹ ጋር ትውላለች ብለዋል። ይህን ሲሉ ፊታቸውን ወደ ማሳው አዙረው ነበር። የምለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ወረቀቷን ተቀምጠው ይዩት።

የኮሚቴዎን ጥንቃቄ ሳላስብ ውዬ የማላድር፣ ለቀይ እስክሪብቶዎ ዕድሜና ብርታት የምመኝ፣ አክባሪዎ
መምህር ወዬሳ ቶሌራ

ሳልረሳው፦ አርብ ጠዋት ቢሮዎ እንገኛለን። እኔ ከስልጠና ስለምመለስ የምመጣው በአሰላ በኩል ነው፤ ሱሃይላ ከአባቷ ጋር በሞጆ በኩል። መንገዳችን ስለማይመሳሰል በኮሚቴው አስተራረም ከሁለታችን አንዳችን አዳማ አልደረስንም ማለት ነውና፣ የትኛችን ከበር እንደምንመለስ ለጥበቃው አስቀድመው ይንገሩልን። ሱሃይላን ለመለየት አይቸገሩም፤ ፍራሽ የተሸከመችው ልጅ ናት።